ታጥፎ ኪስ የሚገባ፣ ሌንሱም የሚቀየር ካሜራ እንዴት ይሠራል?

ሐርጌሳ መሐል ከተማ፣ የሚግ አውሮፕላኑ ሐውልት ፊት ለፊት ቆማችኋል እንበል። እ.ኤ.አ. በ1988 የደረሰውን የአየር ድብደባ የሚያስታውሰው ሐውልት ነው። በእጃችሁ ያለው ኮዳክ ሬቲና 3ሲ ነው፤ ስሙ የአሜሪካ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የተመረተው ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ነው። የፊት ክዳኑን ስትከፍቱት ሌንሱ እንደ አኮርዲዮን ከሚተጣጠፈው ጥቁር ከረጢት ጋር ተስቦ ይወጣል።

እንደ ላይካ ባሉ ካሜራዎች ሸተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውና የሚዘጋው ክፍል፣ ፊልሙ አጠገብ ስለሆነ ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ይነቀላል። በሬቲና ግን ሸተሩ ያለው በሌንሱ መስታወቶች መካከል ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሌንሱን ለሁለት ከፈሉት። የኋላው ግማሽ ከሸተሩ ጀርባ እንደተቀመጠ ይቀራል፤ የሚነቀለው የፊቱ ብቻ ነው። መደበኛው የፊት ግማሽ 50 ሚሊሜትር ይሰጣል፤ በምትኩ ሌላ ሲገባ 35 ወይም 80 ይሆናል። ከቆማችሁበት ሳትነቃነቁ በ35ቱ ከሚጉ ጋር ዙሪያው፣ ጎዳናውና መንገደኛው ይገባል፤ 80ው አውሮፕላኑን አቅርቦ ያሳያል።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። መደበኛው እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል (ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል)፤ 80ው ከኤፍ 4፣ 35ቱ ከኤፍ 5.6 አያልፉም። በሐርጌሳ የቀትር ፀሐይ ይህ ምንም አይደለም፤ በ100 አይኤስኦ ፊልም ኤፍ 16 እና 1/125 ሰከንድ ይበቃል። ከመግሪብ በኋላ ግን ወደ 50ው መመለስ ነው። በተጨማሪዎቹ ሌንሶች ይበልጥ የሚያስቸግረው ርቀት ማስተካከሉ ነው፦ በመመልከቻው ሁለቱን ምስሎች ታገጣጥማላችሁ፣ ቁጥሩን ታነባላችሁ፣ ከዚያ ለተገጠመው ሌንስ በተዘጋጀው መስፈሪያ ላይ በእጅ ታዛውራላችሁ። የሚሮጥ ሕፃን እስከዚያ አይጠብቅም። ክዳኑም ተጨማሪው ሌንስ እንደተገጠመ አይዘጋም። ለእኔ ይህ ካሜራ የሚወደደው በ50ው ነው፤ ያ ግማሽ በእርግጥ ድንቅ ነው።

ከቤተሰብ ሣጥን አንድ ካገኛችሁ፣ ከመዝጋታችሁ በፊት ርቀቱን ወደ መጨረሻው ምልክት (∞) መልሱ፤ ከሌንሱ ላይና ታች ያሉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ፤ እምቢ ካለ አታስገድዱት። የፎቶ ቆጣሪው ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ 1 ላይ ሲደርስም ፊልም ማዞሪያው ይቆለፋል። ብዙዎች ተበላሸ ብለው ይጥሉታል፤ ቆጣሪውን ወደ ላይ መመለስ ይበቃዋል። ሌንስ የምትቀይሩት አቧራ በሌለበት ቤት ውስጥ ይሁን። ተጨማሪ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊትም ቀለበቱ ላይ ያለውን የሌንስ አምራቹን ስም አንብቡ፦ የሽናይደር ፊት ከሮደንሽቶክ ኋላ ጋር አይሠራም።