ቀን ቆጥሮ የሚመጣ ደንበኛ፦ የሲፒአር ካርድ ገበያ በአሜሪካ

አሜሪካ ውስጥ በአምቡላንስ ላይ የሚሠራ ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲነሳ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የሲፒአር ካርድ ነው። ካርዱ ልቡ በድንገት የቆመን ሰው ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት የማትረፍ ሙያ መፈተኑን ይመሰክራል። ዕድሜው 2 ዓመት ብቻ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ባለካርዱ ተመልሶ ገበያ ይወጣል።

ይህ ለነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። አብዛኛው ሸቀጥ ደንበኛ ፍለጋ ሲዞር፣ ይህኛውን ደንበኛው ራሱ ቀን ቆጥሮ ይመጣለታል። ፈቃድ የሚሰጡት ግዛቶቹ ሲሆኑ መስፈርታቸውም ይለያያል፤ ይሁንና ብዙዎቹ ቀጣሪዎች ጊዜው ያላለፈበት ካርድ ይፈልጋሉ። የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ብሔራዊ መዝገብ የሚሰጠው ምስክር ወረቀትም በየ2 ዓመቱ ይታደሳል። ለዚህም ቴክኒሻኑ 40፣ ፓራሜዲኩ 60 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት መውሰድ ይጠበቅበታል።

ዋጋውን ማን ይወስናል? በሰፊው ተቀባይነት ካላቸው ካርድ ሰጪዎች አንዱ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ትምህርቱን ያዘጋጃል፤ የኮርሱን ክፍያ የሚተምኑት ግን ማሠልጠኛ ማዕከላቱ ናቸው። በመሆኑም ለአንድ ዓይነት ካርድ የተለያየ ዋጋ ቢጠየቅ አያስገርምም።

ከካርዱ ጀርባ የመሣሪያ ንግድም አለ። በኖርዌይ ስታቫንገር ከተማ የልጆች መጫወቻ ያመርት የነበረው አስሙንድ ሌርዳል በ1960 እ.ኤ.አ. ለትንፋሽ መስጫ ልምምድ የሚሆን አሻንጉሊት ሠርቶ አዲስ ገበያ ከፈተ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የልብ ማኅበሩ በአዋቂዎች ኮርስ ላይ የሠልጣኙን አጫጫን እየለካ ወዲያው የሚነግር መሣሪያ እንዲኖር ግዴታ አድርጓል። አሠልጣኝ ማዕከል ለመክፈት የሚያስብ ሰው ይህን ወጪ ከሒሳቡ ማስገባት ይኖርበታል።

አደጋው ያለው በርካሹ በኩል ነው። አሻንጉሊት ሳይነካ፣ በኢንተርኔት ጥያቄ መልሶ ብቻ ካርድ የሚገኝባቸው ሻጮች አሉ። የልብ ማኅበሩ ንባቡን በኢንተርኔት ቢፈቅድም የእጅ ፈተናውን በአካል ያስፈጽማል። በርካሹ የተታለለ ሠራተኛ ቀጣሪው ካርዱን ሲመልስበት ገንዘቡንም፣ የማሳደሻ ቀኑንም ያጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ገበያም ይሠራል።

የእጅ ፈተናው ያለ ምክንያት አልመጣም። የአዋቂ ሰው ደረት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከ6 ሳይበልጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን አለበት። ልብ ከቆመ በኋላ እርዳታ ሳይደርስ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሙያ ኪሳራው የሚወራረደው በታማሚው ሕይወት ነው።

የ2 ዓመቱ ገደብ ራሱም ጥያቄ ላይ ወድቋል። ሙያው ካልተደጋገመ በወራት ውስጥ ከእጅ ይጠፋል። የልብ ማኅበሩና ሌርዳል በ2018 እ.ኤ.አ. በጋራ ያቋቋሙት ኩባንያም በየ3 ወሩ አጭር ልምምድ የሚያሠራ አገልግሎት ያቀርባል። ገበያው ከካርድ ሽያጭ ወደ ቋሚ ልምምድ እያዘነበለ ነው ማለት ይቻላል።

በአሜሪካ በዚህ ሙያ ለተሠማሩ ኢትዮጵያውያን ምክሩ አጭር ነው፤ ከመክፈል በፊት የግዛቱንና የቀጣሪውን ዝርዝር ማየት፣ የእጅ ፈተና መኖሩንም መጠየቅ።