ዱላው ቆሞ ትከሻው ሲሄድ

ቆቦም ይሁን አዲስ አበባ፣ በእጅ የሚሣል አኒሜሽን ለሚጀምር ልጅ ጠጋ ብዬ የምነግረው አንድ ነገር አለ። መስመሩ ሲንቀጠቀጥ ያየ ተመልካች «የሠዓሊው እጅ አልጸናም» ይላል። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለን ሰዎች ግን እናውቀዋለን፤ አብዛኛው መንቀጥቀጥ የእጅ ጥፋት አይደለም። ከየትኛው ስዕል ላይ እንደተቀዳ ጠይቁ።

አንድ ሴኮንድ 24 ፍሬም ነው። እያንዳንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ብናቆየው እንኳ ለሴኮንድ 12፣ ለግማሽ ደቂቃ 360 ስዕል ያስፈልጋል። ጀማሪ ሁለተኛውን ከአንደኛው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው እያለ ይቀዳል። በየስዕሉ ሩብ ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ስቷል። ኤ4 ወረቀት በአግድም ሲቀመጥ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 3 ሜትር ግድግዳ ላይ ሲበራ ስህተቱ አሥር እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ የማይንቀሳቀሰውን ሁሉ ምንጊዜም ከመጀመሪያው ስዕል ቅዱ። ከቅጂ ላይ ቅጂ አትውሰዱ።

የራያን ጭፈራ እንሣል እንበል። ወጣቱ ዱላውን ተደግፎ ትከሻውን ይነቀንቃል። ከኋላው የቆቦ ሜዳ ማሽላ፣ ከማሽላው ወዲያ የዞብል ተራራ አለ። ተራራው ከተርገበገበ ዓይን ወደዚያ ይሄድና ትከሻውን የሚያየው ይጠፋል። ተራራውንና ማሽላውን በሌላ ወረቀት አንድ ጊዜ ሣሉና አስቀምጡ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ዱላው ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ምንም አይሸሽግም። ሁለቱን ጫፎች በነጥብ ምልክት አድርጉ፤ ዓይናችሁን መድረሻው ላይ ጣሉ፤ ከትከሻችሁ በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። በትንንሽ ጭረት የተቀጣጠለ መስመር ውፍረቱ በየፍሬሙ ይለያያል። እርሳሱንም ቶሎ ቶሎ ቅረጹ።

ወረቀቱም ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የተለመደው የቢሮ ወረቀት መብሻ 8 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው የሚቀመጡ፣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ያወጣል። በዚያው ልክ ሁለት ትንንሽ የእንጨት ችካሎች ጣውላ ላይ ትከሉ። ከሁሉ በላይ የሚነሳው የሚጣለው የመጀመሪያው ስዕል ነውና ቀዳዳው እንዳይሰፋ በስኮች አጠናክሩት። መብራት ሲጠፋ ለመቅዳት የመስኮት መስታወት ይበቃል፤ ፀሐይ ቆቦ ላይ አይቸግርም። በሙቀቱ እጅ ያልባል፣ ላቡም ወረቀቱን ያጨማድዳል፤ ከመዳፋችሁ ሥር ብጣሽ ወረቀት አድርጉ። የብራና ጸሐፊዎቻችንም በቀዳዳ የማስተካከልን ጥበብ ያውቁታል፤ ከመጻፋቸው በፊት የብራናውን ዳር በወስፌ ወግተው መስመሩን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያሰምራሉ።

ችግሩ የድሮ ነው። አኒሜተሩ ዊንሰር ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1914 «ገርቲ» የተባለችውን ዳይኖሰር ሲሠራ፣ ረዳቱ ድንጋዩንና ዛፉን በሺዎች በሚቆጠሩ ወረቀቶች ላይ ደጋግሞ ቀዳ። ዛሬም ፊልሙን ስናይ ድንጋዩ ሲርገበገብ ይታያል። በዚያው ዓመት ኧርል ኸርድ በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ላይ የመሣልን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ፤ ያን ጊዜ የቆመው ነገር አንዴ ተሥሎ ከሚንቀሳቀሰው ተለየ።

አዲስ አበባ የተወለደው ዕዝራ ውቤ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። አንድ ሸራ ላይ ይቀባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ እዚያው ላይ ደግሞ ይቀባል። ውሻ፣ ፍየልና አህያ ታክሲ የተሳፈሩበትን ተረት የሚተርከው «ሂሳብ» እንዲህ የተሠራ ነው። ሸራው አንድ ስለሆነ የቆመው ነገር በቦታው ይቆያል፤ የሚርገበገበው የብሩሹ ዱካ ደግሞ ለፊልሙ ነፍስ ይሰጠዋል። እሱ የፈለገው መንቀጥቀጥ ነው፤ እኛ የምንሸሸው ሳናውቀው የሚገባውን ነው።

በታብሌት የምትሠሩም አትዘናጉ። ክሪታ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ስታቢላይዘሩ የምትስቡትን አንድ መስመር ያለሰልሳል። መስመሩ ከመጀመሪያው ፍሬም ጋር መግጠም አለመግጠሙን ግን አይመለከትም። ለስላሳ ሆኖም የሚንቀጠቀጥ መስመር ብዙ አይቻለሁ።

ጭፈራውን ከመጀመራችሁ በፊት የቆመ ዱላ ብቻ 12 ጊዜ ሣሉ፤ አሥራ አንዱን ከመጀመሪያው ቅዱና እያዞራችሁ አጫውቱ። ዱላው ከቆመ ትከሻውን ጀምሩ። ካልቆመ ግን እጃችሁን አትውቀሱ፤ መጀመሪያ ችካሉንና ቀዳዳውን መርምሩ።