ያውቁ ኖሯል? የጨረሩ ጉዳት ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል

ለፕሮስቴት ካንሰር ጨረር የወሰደ ሰው ህክምናውን ከጨረሰ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሽንቱ ደም ሊቀላቅል እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ጨረሩ አጠገቡ ያለውን ፊኛም ስለሚነካ የግድግዳው ጥቃቅን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይጎዳሉ፤ በቀላሉም ይደማሉ።

ፕሮስቴቱ በቀዶ ህክምና ሲወጣ ግን ተቃራኒው ነው። ሽንት የሚያመልጠው ካቴተሩ (የሽንት ማስወጫ ቱቦው) እንደወጣ ነው፤ ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ የጤፍ ጆንያ ሲያነሱ። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ እስከ ዓመት የሚቆይባቸውም አሉ። ካቴተሩ ከወጣ በኋላ፣ ሽንት ለመያዝ የሚጨብጡትን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ያህል ጨብጦ መልቀቅ፣ ይህንንም 10 ጊዜ እየደጋገሙ በቀን 3 ጊዜ መሥራት ይረዳል። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል ይህን ልምምድ በ1948 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ለሴቶች ነበር፤ በተለይ ለወለዱ እናቶች።

ሽንት እንዳያመልጥ ብለው ውሃ አይቀንሱ፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል። ይልቅ ቡናውን አቦል ላይ ቢያቆሙና ጠላውን ቢቀንሱ ይሻላል።

በአገራችን የጨረር ህክምና ለረጅም ጊዜ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው። ከደቡብ ጎንደሯ ይፋግ ሄዶ የታከመ ሰው ደሙን የሚያየው እንግዲህ አገሩ ገብቶ ብዙ ከቆየ በኋላ ነው። ደም ካዩ፣ ሌላም መነሻ ሊኖረው ስለሚችል፣ የጨረር ወረቀትዎን ይዘው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይታዩ። ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለዎ ግን ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠብቁ።