ጓዳ ውስጥ ቢበቅልም ያስቀጣል

ሰሞኑን ለለቅሶ አምቦ ሄጄ ሳለ አንድ የዘመድ ልጅ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ጋሼ፣ ካናዳ ያለው ወንድሜ ካናቢስ ጓዳው ውስጥ በመብራት ያበቅላል። ለጀማሪም ቀላል ነው፣ ዘሩን ልላክልህ ይለኛል። ቤቴን ዘግቼ ብሞክረው ምን አለበት?» ሲል ጠየቀኝ።

ወንድምየው አልዋሸም። በካናዳ ከጥቅምት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአብዛኞቹ ክፍላተ አገር በአንድ ቤት እስከ 4 እግር ማብቀል ተፈቅዷል። ጀርመንም በ2016 ዓ.ም. ለአንድ አዋቂ 3 እግር ፈቅዳለች።

የእኛ ሕግ ግን ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 የአደንዛዥ ዕፅ ተክልን ያለ ልዩ ፈቃድ ማምረትን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። ጓሮና ጓዳ ብሎ አይለይም። ጫት በአምቦም በጉደርም በግላጭ መሸጡ ለካናቢስ መከላከያ አይሆንም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ቤታችንን ከብርበራ ይጠብቃል፤ ሆኖም ወንጀልን ለመከላከል ይህ መብት በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይደነግጋል። «ሕጉን አላውቅም ነበር» ማለትም በአንቀጽ 81 መሠረት ከተጠያቂነት አያድንም።

ልጁን፣ «ወንድምህ የሚኖረው በካናዳ ሕግ ነው፤ አንተ የምትዳኘው እዚህ ነው። ዛሬውኑ ደውለህ አትላክ በለው» አልኩት።