ላለመጠጣት ጓደኛ ከየት ይገኛል?

እስቲ አንድ ጥያቄ ላንሳ። «መጠጥ ትቻለሁ» ያለ ልጅ ቅዳሜ ገበያ ሲበተን ከማን ጋር ይዋል?

መንዝም፣ ግሼም፣ መርሐቤቴም ብትሄዱ ጠላ የሌለበት ድግስ ማግኘት ይቸግራል። ማኅበሩ በጠላ፣ ክርስትናው በጠላ፣ ብርዱ ደግሞ በአረቄ ነው። ከገጠር መጥቶ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ፣ ስንቁን ይዞ የሚገባበት ግቢ አረቄ የሚወጣበት ሊሆን ይችላል። ይህን ልጅ «ተው» ማለት ብቻውን ምን ይፈይዳል? የሚተወውን ነገርነው እንጂ የሚሄድበትን አላሳየነውም።

የአቻ ቡድን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ ቢል ዊልሰን የተባለ ሰው ንግዱ ከሸፈበትና መጠጥ አማረው። ከተወ ገና ወራት ነበር። መጠጥ ቤት ከመግባት ይልቅ እንደሱ በመጠጥ የተቸገረ ሰው አፈላልጎ ዶክተር ቦብ ስሚዝን አገኘ። ከዚያ ግንኙነት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ተወለደ። መዋጮ አያስገድድም፤ የአባት ስም አይጠይቅም፤ የሚወራው እዚያው ይቀራል፤ እቅዱም «ዛሬን አልጠጣም» ነው። አዲስ አበባም በዚህ ስም የሚሰበሰቡ አሉ።

ታዲያ ከመንዝ በየሳምንቱ አዲስ አበባ መመላለስ አይሆንም። በእኔ አስተያየት መጀመሪያ መታየት ያለበት የትምህርት ቤታችሁ ፀረ ኤድስ ክበብ ነው። «መጠጥና ኤች አይ ቪ ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ። የሰከረ ሰው ኮንዶም ይረሳል፣ የሌላውን እምቢታ አይሰማም፤ መድኃኒት የጀመረም ሰዓቱን ያሳልፋል። ክበቡ ተዳክሞ ከሆነ አንድ የምታምኑት መምህር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የጤና ባለሙያ ጠይቁ። ሦስት ልጆች፣ ሻይና ቆሎ፣ ሰዓቱም ያው ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን በቂ ነው። ምስጢር የሚያወጣ ወይም ተሳስቶ የጠጣውን የሚያሳፍር ቡድን ግን ይቅርባችሁ።

«አንድ ብርሌ ምን ያደርጋል?» የሚላችሁ አይጠፋም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ ስለዚህ እምቢ ስትሉ ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ! በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣና ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ፣ አባትም ይሁን ጓደኛ፣ ባንዴ አቁም አትበሉት። የሚጥል ሕመምና መቃዠት ሊያመጣበት፣ ሊገድለውም ይችላል። ይህ ሰው ከቡድኑ በፊት ሐኪም ይይ፤ መሐል ሜዳም፣ ዓለም ከተማም፣ ደብረ ብርሃንም ሆስፒታል አለ።

ቡድኑን የጀመራችሁ ዕለት ደግሞ ይህችን ተነጋገሩ፦ አንዱ ከስብሰባ ከቀረ በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው ማን ነው?