የመምህሩ ወንበርና የመደብ ጥቅም

በከበርቴው ሥርዓት ዩኒቨርሲቲ ከመደብ ጥቅም በላይ የቆመ የንጹሕ ዕውቀት መቅደስ ተደርጎ ይሰበካል። ማን ይማራል የሚለው ጥያቄ አልፎ አልፎ ይነሣል፤ ማን ያስተምራል የሚለው ግን እምብዛም አይነሣም። በተለይም ሥራ አስኪያጆችን፣ የባንክ ባለሙያዎችንና የሂሳብ መርማሪዎችን በሚያፈሩት የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች የመምህሩ ወንበር በማን እንደተያዘ መመርመር የሥርዓቱን ውስጣዊ ቅራኔ አጉልቶ ያሳያል። በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው ፒ.ኤች.ዲ. ፕሮጀክት የተባለው እንቅስቃሴ ለዚህ ተስማሚ ማስረጃ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተነሣበት ዓላማ በየኩባንያው ተቀጥረው የሚሠሩ ጥቁር፣ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸውና የነባር ሕዝቦች ተወላጅ የሆኑ ባለሙያዎች በንግድ ሥራ ጥናት ዶክትሬት ይዘው የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንዲሆኑ መርዳት ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የመጀመሪያው ጥቁር የተመሰከረለት የሂሳብ ዐዋቂ ጆን ክሮምዌል ፈቃዱን ያገኘው በ1921 ነው። ሙያው ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር መሥራትን ይጠይቃል፤ የነጮቹ ድርጅቶች ደግሞ ጥቁር አይቀጥሩም። ስለዚህ ክሮምዌል የሥራ ልምድ ወደማትጠይቀው ወደ ኒው ሃምፕሽር ሄዶ ለመፈተን ተገደደ። ኑሮውም በዋሽንግተን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርነት ነበር። ኔይለር ፊትዝሂውም በ1933 ከሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተመርቆ ሲወጣ የኩባንያ በር አልተከፈተለትም፤ ሠላሳ ዓመት ያህል በጥቁሮቹ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ካስተማረ በኋላ በ1965 ፔፕሲ ኮላ ወሰደው። የጥቁሩ ገበያ የሚያጓጓ መሆኑ በዚያን ጊዜ ተደርሶበት ነበርና! በሂሳብ አያያዝ ዶክትሬት ለማግኘት ዊሊያም ካምፕፊልድ በ1951፣ ላርዜት ሄል በ1955 ቀዳሚዎች ሆኑ። ለዚያ ትውልድ መምህርነት ከተዘጋ በር ፊት የተገኘ መጠጊያ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1959 ሌላ ለውጥ መጣ። በፎርድና በካርኔጊ ተቋማት ገንዘብ የተጠኑ ሁለት ዘገባዎች የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶችን ደካማነት አጋለጡ፤ መምህራኑ ተመራማሪዎች፣ የዶክትሬት ባለቤቶችም እንዲሆኑ አሳሰቡ። ከዚያ ወዲህ የረጅም ዘመን የሥራ ልምድ ብቻውን ቋሚ የመምህርነት ወንበር የማያስገኝ ሆነ። እንግዲህ የካፒታል ገንዘብ ግንቡን ከፍ ካደረገ ከ35 ዓመት በኋላ ሌላ የካፒታል ገንዘብ መሰላል ይዞ መጣ ማለት ነው።

መሰላሉን ያቀረበው የታላቁ የኦዲት ድርጅት የኬ.ፒ.ኤም.ጂ. ፋውንዴሽን ሲሆን፣ ሲቲባንክና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶችን ደረጃ የሚመዝነው ማኅበር ከመሥራቾቹ ጋር ተሰልፈዋል። በ1994 በመላው አሜሪካ ከተጠቀሱት ሦስት ወገኖች የተገኙ የዶክትሬት ባለቤት የንግድ ሥራ መምህራን ቁጥራቸው 294 ብቻ እንደነበር ይገለጻል። የመሥራቾቹ ስሌትም ግልጽ ነው፤ ጥቁሩ ወጣት ከሰሌዳው ፊት እርሱን የሚመስል መምህር ካላየ ሙያውን አይመርጥም፤ ሙያውን ካልመረጠ ለድርጅቶቹ የሚቀጠር ኃይል ይጎድላል። ይህን በጎ አድራጎት ብሎ የሚጠራ ሰው የሂሳብ መዝገቡን አላገላበጠም።

ይሁን እንጂ ነገሩን የከበርቴ ተንኮል ነው ብሎ በአንድ ቃል መዝጋትም ከሳይንሳዊ ትንተና የራቀ ነው። አንድ የኦዲት ባለሙያ ወፍራም ደመወዙን ትቶ ወደ ተማሪነት ሲመለስ ምን እንደሚገጥመው እንመልከት። አራት አምስት ዓመት በጥቂት ድጎማ መኖር አለበት፤ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ግን አይቀንስም። ሌሎችን ሲያዝ የኖረ ሰው ከወጣት ተማሪዎች ጎን ተቀምጦ የስታቲስቲክስን ሀሁ ይጀምራል። ፋውንዴሽኑ በሂሳብ አያያዝ ለሚያጠኑት በዓመት የሰጠው 10,000 ዶላር እስከ አምስት ዓመት የሚታደስ ቢሆንም ጉድለቱን አይሞላም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሥራውን የሠራው ገንዘቡ ሳይሆን አደረጃጀቱ ነው። ተማሪዎቹ በሂሳብ አያያዝ፣ በፋይናንስ፣ በሥራ አመራር፣ በገበያ ጥናትና በመረጃ ሥርዓት ዘርፍ በየማኅበራቸው ተደራጁ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቸኛ ጥቁር የሆነው ተማሪ በሌላው ዩኒቨርሲቲ ብቸኛ ከሆነው ጋር ተገናኘ። ነባሩ የአዲሱን ረቂቅ ያነባል፤ የትኛው ፈተና እንደሚከብድ፣ ከአማካሪ ጋር እንዴት እንደሚኖር ይነግረዋል። የግል ውድድርን በሚሰብኩ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሰዎቹን ያቆማቸው የጋራ መረዳዳት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በሁለት ዐሥርተ ዓመታት ገደማ ቁጥራቸው ከ1,300 በላይ ደረሰ።

ካፒታል ዘር ሳይመርጥ የተንቀሳቀሰበትም ጊዜ አለ። በ2008 ትላልቆቹ የሂሳብ ድርጅቶች ገንዘብ አዋጥተው የኦዲትና የግብር ባለሙያዎች ዶክትሬት እንዲማሩ በዓመት 30,000 ዶላር ለአራት ዓመት የሚሰጥ መርሐ ግብር አወጡ። ምክንያቱ የኦዲትና የግብር መምህራን እጥረት ነበር። መምህር ከሌለ ተመራቂ የለም፤ ተመራቂ ከሌለም በሌሊት ተቀምጦ የኩባንያውን ሰነድ የሚያመሳክር ጀማሪ አይገኝም።

ከሥርዓተ ትምህርቱ አንጻር ሲታይ ድሉ ውስን ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው መልክ ተለወጠ፤ ትርፍ የማን ላብ እንደሆነ ግን በክፍሉ ውስጥ አልተጠየቀም። ቢሆንም የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ከሰሌዳው ፊት ወገኗን ማየቷ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ውስን ድል እንኳ ጠላት አላጣም። በጃንዋሪ 2025 የቴክሳስ አገረ ገዢ ግሬግ አቦት የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በፕሮጀክቱ ጉባዔ መሳተፉን ካልተወ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣኑ እንደሚነሣ ዛተ፤ ዩኒቨርሲቲውም ወዲያው አፈገፈገ። በማርች 14 ቀን 2025 ደግሞ የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ከፕሮጀክቱ ጋር ግንኙነት አላቸው ባላቸው 45 ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። የተጠቀሰው ሕግ በ1964 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ ነው፤ ጥቁሮች በደማቸው ያስገኙት ሕግ በጥቁሮች መምህራን ማፍሪያ ላይ ተመዘዘ። ፕሮጀክቱ ማመልከቻውን ዓላማውን ለሚጋራ ሁሉ መክፈቱን ገለጸ። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ክርክር ውስጥ ሳይገቡ ግንኙነታቸውን አቋረጡ። ለሠላሳ ዓመት በኩባንያ መዋጮና በአስተዳዳሪዎች ፊርማ የተደገፈው ትብብር በአንድ ደብዳቤ ሲናጋ የሚከላከልለት የተደራጀ ኃይል በግቢው ውስጥ አልነበረም።

ደብዳቤው የደረሰው ለአስተዳዳሪዎች ነው። በ1990ዎቹ ተማሪ ሆነው በማኅበሮቹ ውስጥ ያለፉት ሰዎች ዛሬ በየግቢው ፕሮፌሰሮች፣ የዶክትሬት ተማሪዎች አማካሪዎችም ናቸው። የጀማሪዎችን ረቂቅ ያነቡ የነበሩት እነርሱ ናቸው፤ ለዚህም ፊርማ ተጠይቀው አያውቁም።