ለክረምት ቤትንና የቤት ዕቃን ስለ ማዘጋጀት

ክረምት ለአገራችን የበረከት ወራት ነው። ገበሬው የሚዘራው፣ ምንጩ የሚጐለብተው፣ በበጋ የተራቈተው ኮረብታ ሁሉ አረንጓዴ ልብስ የሚለብሰው በዚሁ ወራት በሚወርደው ዝናብ ነው። ነገር ግን ይኸው ዝናብ ተዘጋጅቶ ላልጠበቀው ቤተሰብ የደዌ ምክንያት ይሆናል። በአቈጣጠራችን ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ይቈያል፤ ዳሩ ግን ዝናቡ ቀጠሮ ጠብቆ ስለማይመጣ፣ የቤቱ ዝግጅት በግንቦት ተጀምሮ ሰኔ ሳይጋመስ መፈጸም ይገባዋል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው በተለይ በኮልፌ 18 ማዞሪያና በዙሪያው ለሚኖሩት ቤተሰቦች ነው። ሰፈሩ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ በምዕራብ በኩል የሚገኝ ስለሆነ የክረምቱ ሌሊት ብርድ የበረታ ነው። ከቤቶቹም ብዙዎቹ ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። ግቢዎቹ የተጠጋጉ በመሆናቸውም የአንዱ ቤት ጕድለት ለጎረቤቱ ይተርፋል።

እኛ ትምህርታችንን በተከታተልንበት በውጭ አገር ክረምት ማለት በረዶ የሚወርድበት ወራት ነው። በዚያ አገር ያለው ሰው ክረምቱ ሳይገባ የምድጃውን የጢስ ማውጫ ያስጠርጋል፤ ከዚያም የመስኮቱንና የበሩን ስንጥቅ ሁሉ ይደፍናል። ይህንን ምክር እንዳለ ወደ እኛ አገር ማምጣት አይገባም። የእነርሱ ቤት ጢሱን ወደ ሰማይ የሚያወጣ ቧንቧ አለው፤ በእኛ ቤት ግን ከሰሉ የሚነደው በክፍሉ መካከል ነው። ስለዚህ የእኛ ዝግጅት ዝናቡን የሚከለክል፣ አየሩን ግን የማይከለክል መሆን አለበት። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው።

1ኛ. ስለ ጣራና ስለ አሸንዳ

በቅድሚያ በደረቅ ቀን ጣራውን መመርመር ያስፈልጋል። በቀትር ጊዜ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ከቤቱ ውስጥ ወደ ላይ የተመለከተ ሰው፣ ኮርኒስ ከሌለ፣ ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ሲያበራ ያየዋል። ውሃ በብዛት የሚገባው ምስማሩ በላላበትና ሁለቱ ቆርቆሮዎች በተደራረቡበት ስፍራ ነው። የላላውን ምስማር ከነጎማው መለወጥ፣ ትንሹን ቀዳዳ በሬንጅ መድፈን፣ የዛገውን ቆርቆሮ ፈጽሞ መቀየር ተገቢ ነው። በቆርቆሮው ላይ ድንጋይና ጎማ መጫን ጥገና አይደለም፤ ነፋስ ሲነሣ በሰው ላይ ይወድቃልና።

ከጣራው ላይ የሚወርደው ውሃ ምን ያህል እንደ ሆነ ብዙ ሰው አይገምተውም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ ጣራው 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ከዚያ ጣራ የሚወርደው ውሃ 1,200 ሊትር ነው፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 60 ጊዜ ይሞላል። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ ውሃ በገዛ ግድግዳው ሥር ያፈሰዋል። አሸንዳ ያለው ቤትም ቢሆን በባሕር ዛፍ ቅጠልና በአፈር ከተደፈነ እንደሌለው ይቈጠራል። ስለዚህ አሸንዳውን ጠርጎ፣ የውሃውን መውረጃ ከቤቱ መሠረት አርቆ ወደ ቦይ መምራት ያስፈልጋል።

2ኛ. ስለ ግድግዳና ስለ ወለል

የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ከላይ የሚመታው ዝናብ ብቻ አይደለም። የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ ጭቃውም የመሬቱን እርጥበት ከሥር ወደ ላይ ይስባል። ግድግዳው ሲረጥብ ቋሚው እንጨት ይበሰብሳል፤ ሻጋታም ያበቅላል። የሻጋታው ብናኝ አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታል፤ የሕፃናትንም ሳል ያባብሳል።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። የተሰነጠቀውን ምርጊት ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ መልሶ መምረግ፤ ነገር ግን ምርጊቱ በደንብ እንዲደርቅ ፀሓይ ሳለ መሥራት። በግድግዳው ዙሪያ የተከመረውን አፈር ዝቅ ማድረግ፤ ጠፈጠፉ በሚያርፍበት ስፍራ ጠጠር ማልበስ። የውስጡም ወለል ከደጁ ከፍ ያለ እንዲሆን ያስፈልጋል። አልጋና ቁም ሣጥንን ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ማራቅ አየር እንዲዘዋወር ያደርጋል። ውሃ በሚያፈስበት ጣራ ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦና ሶኬት ግን የቤቱ ባለቤት አይነካካው፤ ባለሙያ ይጥራ።

3ኛ. ስለ ቦይና ስለ መጸዳጃ ቤት

በበጋ በቦይ ውስጥ የተጣለ ፌስታልና ባዶ የውሃ ፕላስቲክ በመጀመሪያው ኀይለኛ ዝናብ የት እንደሚገኝ የታወቀ ነው፤ የቦዩን አፍ ይወትፈዋል፤ ውሃውም መንገዱን ለውጦ ወደ ሰው ቤት ይገባል። ስለዚህ የአንድ መንደር ሰዎች በአንድ ቀን ተሰብስበው ቦያቸውን ከላይ እስከ ታች መጥረግ አለባቸው። አንዱ የደጁን ጠርጎ ጎረቤቱ ቢተወው፣ የጠረገውም ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ከቦዩ የወጣው ቆሻሻ በዳር ተከምሮ ከቀረ ዝናቡ መልሶ ስለሚያስገባው፣ በዚያው ቀን መነሣት ይገባዋል።

የመጸዳጃ ቤት ጕድጓድ ሊሞላ የቀረበ እንደ ሆነ ክረምቱ ሳይገባ በመምጠጫ መኪና ማስወሰድ ግድ ነው። ዝናብ የገባበት ጕድጓድ ሞልቶ ሲፈስ በውስጡ ያለው ሁሉ በግቢው፣ በመንገዱና በልጆች እግር ላይ ይበተናል።

4ኛ. ስለሚጠጣ ውሃ

በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት፣ ተነሥቶ እንደ ነበር የሚዘነጋ አይደለም። ይህን የመሰለው በሽታ ከታመመ ሰው ዐይነ ምድር ወጥቶ በውሃና በምግብ ወደ ጤነኛው አፍ የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ኮሌራ ሕዝቡን በፈጀ ጊዜ፣ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሞቱት ሰዎች ቤት ብሮድ ስትሪት በተባለ መንገድ ላይ ባለው አንድ የውሃ መሳቢያ ዙሪያ የተሰበሰበ መሆኑን በካርታ አሳየ፤ የመሳቢያውም እጀታ እንዲነቀል አስደረገ። በኋላ ሲመረመር በጕድጓዱ አጠገብ የነበረ የቆሻሻ ጕድጓድ ወደ ውሃው ይሰርግ ኖሯል። በለንደን የሆነው ነገር መጸዳጃውና ውሃው በተቀራረቡበት በማናቸውም ግቢ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጀሪካኑና በርሜሉ ክረምቱ ሳይገባ በሳሙናና በጠጠር እየተናጠ ይታጠብ፤ ክዳን ይኑረው፤ ውሃም በተንቀሳቃሽ ጣሳ እየተጨለፈ ሳይሆን እየተቀዳ ይውጣ። የቧንቧ ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ወይም ደፍርሶ ሲመጣ አፍልቶ መጠጣት ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያሻል። በከፍታ ስፍራ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ውሃ በእኛ ከተማ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ውሃው እየተንተከተከ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ እንዲቈይ እንመክራለን። ነዳጅ የቸገረው ቤተሰብ ውሃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን መድኀኒት በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀም።

ተቅማጥ የያዘውን ሰው፣ ይልቁንም ሕፃንን፣ ውሃ መከልከል ታላቅ ስሕተት ነው። የሚገድለው የሰውነቱ ውሃ ማለቁ ነውና። አንድ ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ እየሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

5ኛ. ስለ ልብስ፣ ስለ መኝታና ስለ እህል

በክረምት ሰው ብርድ ሸሽቶ ይጠጋጋል፤ ልብሱን ይደራርባል፤ ፀሓይ ስለሌለም አያጥብም። ለቅማል ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም። ተስቦና ግርሻ የሚተላለፉት በልብስ ቅማል ነው። ይህንን ስለ ተስቦ እ.ኤ.አ. በ1909 በቱኒስ ከተማ የደረሰበት ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። እንግዲህ በግንቦት ፀሓይ ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱንና ቡሉኮውን አውጥቶ ማስጣት፤ የውስጥ ልብስን በፈላ ውሃ ማጠብ፤ ማጠብ ያልተቻለውንም ስፌት ስፌቱን በካውያ መተኰስ ይገባል። ቅማል የሚሸሸገው በስፌት ውስጥ ነውና።

እህልና በርበሬም ሳይደርቅ ወደ ጎታ አይግባ። በእርጥብ በርበሬ፣ በበቈሎና በለውዝ ላይ የሚበቅለው አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጕበትን የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ ይህም መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ጆንያው በመሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ከግድግዳውም ይራቅ።

6ኛ. ስለ ከሰል

ይህን በመጨረሻ ያደረግነው አንባቢው ከሁሉ ይልቅ እንዲያስታውሰው ነው።

ባለፈው ክረምት በ18 ማዞሪያ አካባቢ ቤት ለቤት ስንዘዋወር አንዲት እናት ሦስት ልጆቻቸውን አሳዩን። ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ያስመልሳቸዋል፤ ጕልበታቸውም ይዝላል። እናታቸው ምች የመታቸው መስሏቸው ዳማከሴ ጨምቀው ይቀቧቸው ነበር። ልጆቹ ወደ ደጅ ወጥተው ሲጫወቱ እስከ ቀትር ይሻላቸዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ያው ነው። ሌሊት በምን እንደሚሞቁ በጠየቅናቸው ጊዜ እንዲህ ሲሉ መለሱልን፦ «በከሰል ነው፤ ግን ጢሱ እንዳይጎዳቸው በደጅ አቀጣጥዬ ፍም ሲሆን ነው የማስገባው»። መስኮቱም ለብርዱ ሲባል በጨርቅ ተወትፎ ነበር።

እኒህ እናት ቸልተኛ አልነበሩም፤ ይልቁንም ተጠንቅቀው ነበር። ያታለላቸው ጢሱ ነው። ዐይን የሚያቃጥለው ጢስ ሲያልቅ አደጋው ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚገድለው ዐይን የሚያየው ጢስ አይደለም። ከሰል አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን ተሸክሞ የሚያዞረው ሄሞግሎቢን የተባለው ንጥረ ነገር ከኦክስጅን ይልቅ ይህንን ጋዝ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል ይይዘዋል። ስለዚህ ጥቂቱ ጋዝ እንኳ የኦክስጅንን ስፍራ ይወስዳል። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ሲያመው ይወጣል፤ የተኛው ግን ከእንቅልፉ ወደ ሞት ያልፋል። ፍሙን በአመድ ማዳፈን ጋዙን አያስቀረውም፤ በአጠገቡ ውሃ ማስቀመጥም አያጠፋውም።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ የሚነድ ከሰል ባለበት ክፍል ማንም አይተኛ። ምግብ ሲበስል፣ ቡናም ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው ፍሙ ሳይጠፋም ቢሆን ወደ ደጅ ይውጣ። ለሌሊቱ ብርድ ጋቢና ቡሉኮ ይደረብ፤ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ተሞልቶ፣ በደንብ ተከድኖና በጨርቅ ተጠቅልሎ በእግር በኩል ይደረግ። በግድግዳው ከፍታ ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ማንም አይድፈናት።

በከሰል ጋዝ የታፈነ ሰው ሲገኝ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ሰውየውን ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ሌላ ነገር በአፉ መስጠት አይገባም፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያፍነዋልና። የሚረዳው በሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ መከላከያ በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስም በ907 የስልክ ቍጥር ይጠራል።

እኒያ እናት በዚያኑ ምሽት ምድጃቸውን ከበረንዳ አሳደሩት፤ ጨርቁንም ከመስኮቱ ነቀሉት። በሳምንቱ ተመልሰን ስንጠይቅ የልጆቹ ራስ ምታት ቀርቶ አገኘነው። ያዳናቸው መድኀኒት አልነበረም፤ አንድ የተነቀለ ጨርቅና ከቤት የወጣ አንድ ምድጃ ነው።

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው አስቀድሞ ማሰብን ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤቱ እንዲያነብለት፣ በዕድርና በቡና ሰዓትም እንዲያወራው እንለምናለን። ክረምቱ የጤናና የበረከት እንዲሆንላችሁ እንመኛለን።